ካሴት የሌለው ቴፕ

ጥር 6

ይድረስ ለወንድሜ ለፉጨት፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጀመር እንጂ መልሱ አሳስቦኝ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል።

ስልኩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። ለእማዬ «መስመሩ ተቋረጠ» ብለሃታል አሉ። አልተቋረጠም። አንተና እኔ ስልክ ላይ ስንገናኝ ሦስት ቃል ሳንለዋወጥ መጮህ እንጀምራለን፣ እሷ ደግሞ እዚያው አጠገብህ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ካንተ ጋር ያለኝን ነገር በወረቀት ነው የምጨርሰው። ወረቀት ቢያንስ መሐል ገብተህ አታቋርጠውም።

«ማነው ነገር ያቀበለሽ?» ላልከኝ፣ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ ናት። እንዳትቆጣት፣ ደግ አደረገች። ልብስ ስታሰጣ በመስኮት አየቻት። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የአባባን ቴፕ ፊት ለፊቷ አድርጋ ታወራለች። ዝም ትላለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ መልስ ትሰጣለች። ቴፑ ውስጥ ካሴት የለም። ካሴት የሚጎርሰው አፉ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ! ቀይዋ መብራት ብቻ በርታለች።

እሷም ራሷ በስልክ ትነግረኛለች። «ወንድምሽ ወገቡን አሞታል አለኝ።» «ወንድምሽ የሽማግሌው ጉድጓድ ደረቀ አለኝ።» የምን ሽማግሌ? የምን ጉድጓድ? አንተን ስጠይቅህ ደግሞ «ከደህና አደርሽና ከደህና እደሪ ውጭ ምን የምናወራው አለን» ትለኛለህ። እሺ፣ ታዲያ ማነው የሚያወራት?

እዚህ አንድ ሐኪም አማከርኩ። በዚህ ዕድሜ የሌለ ድምፅ መስማት የጀመረች ሴት ብቻዋን አትተውም አለኝ። እኔ ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ አንድ አልጋ ይዤላታለሁ፣ የሚቀጥለውን ወር ማለቴ ነው። የካቲት 28 እመጣለሁ። እግሯ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ስለማይችል መኪና ተከራይቼ ነው የምመጣው። መኖሪያው የሐኪም ወረቀት ካላየ አይቀበልም፤ ስለዚህ የሰፈራችሁ ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ ያያታል። በር ክፈትለት።

«እናቴን ልትነጥቂኝ» እንዳትለኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነህ የተውካት አንተ ነህ።

እኅትህ


ጥር 15

ይድረስ ለክብርት እኅቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጉንፋንዎ ስለለቀቀዎ ደስ ብሎኛል፤ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ከደብዳቤው በኋላ በላኩልኝ ካርድ ላይ ያሰፈሩትን ጥያቄም አይቻለሁ። ፖስተኛው ሳያነበው አልቀረም፣ ሲሰጠኝ ፊቴን አላየም። መልሴ እንዲህ ነው። ከእናቴ ጋር በቀን ስንት ቃል እንደማወራ ቆጥሬ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ። አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እራቷን አሞቃለሁ፣ መድኃኒቷን አቀርባለሁ፣ እግሯን አሻለሁ። እግር ሲታሽ ወሬ ግድ ነው የሚል ሕግ ካለ እርስዎ ያሳዩኝ። ከሩቅ ሆኖ «አውራት» ማለትማ ማንን ያቅተዋል!

ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፎቅ ወጥቼ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ። ይቺ አንድ ሰዓት ብቻ ናት የራሴ። አባባ ሲሞት ማሰራጫውን፣ ይቺኑ የምነጋገርባትን ሬዲዮ፣ የተወው ለኔ መሆኑን እርስዎም አልረሱትም መሰለኝ፣ ነገርዎ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ነው የሚያርፈው። ለመረጃ ያህል፣ ጥቅምት ላይ ነፋስ የድሮውን አንቴና ጣለውና አዲስ ሰቅያለሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ምሰሶ ኬብሉን በእማዬ መስኮት አስገብቼ፣ በራስጌዋ በኩል ግድግዳውን ይዤ እኔ ክፍል ድረስ አውጥቼዋለሁ። ያየ ሁሉ ያደነቀው ሥራ ነው። የሚባክን ኃይል ካለ በሚያሳየኝ ሜትር ላይ መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። እርስዎ መናኸሪያ ተቀምጠው ለሾፌሮች የሚጮኹበት ነገር ሬዲዮ ከተባለ፣ የኔን ምን እንደሚሉት እንጃ።

ሽማግሌው የሚባለው ባሕር ማዶ የሚኖር፣ ቋንቋችንን የሚናገር የሬዲዮ ወዳጄ ነው። በየምሽቱ እናወራለን። ጉድጓዱ መድረቁ እውነት ነው፤ ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ከራሷ ጋር መሳቋም እውነት ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን ሳወልቅ ሁለት ጊዜ ከታች ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ባለፈው ደግሞ ከንፈሬ ላይ ማይኩ ቆንጠጥ ያደረገኝን ምልክት አይታ «ስለ እኔ ደግ ደጉን እንድታወራ ነው እግዜር የቀጣህ» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ታማለች ካላችሁ ታማለች። እኔ ላይ ግን አታላክኩ።

ወንድምዎ


ጥር 24

ይድረስ ለፉጨት፣

እርስዎ ያልከኝ አክብረኸኝ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቀጥልበት፣ ያምርብሃል።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ስምሪት ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ሾፌር ጎማ ፈነዳብኝ እያለ በሬዲዮ ሲጮህብኝ ነው። እስከ መጨረሻው ልቆጣህ ተዘጋጅቼ ሳለ ስለ ከንፈርህ የጻፍከው ላይ ስደርስ ሾፌሩን «ጠብቅ» ብዬው እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

እማዬ «ወንድምሽ እንዲህ አለኝ» ማለት የጀመረችው መቼ ነው? ኅዳር። አንቴናውን የሰቀልከው መቼ ነው? ጥቅምት። ኬብሉ የሚያልፈው የት ነው? በራስጌዋ፣ ከቴፑ ሽቦ ጎን ለጎን። ማይክ ከንፈር የሚቆነጥጠው መቼ እንደሆነ አባባ ነግሮን ነበር። ነግሮኝ ነበር ልበል። አንቴና ሲሰቅል መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። አንተ ታች ቆመህ ታፏጭ ነበር፣ ስሙንም ያወጣልህ ለዚያ ነው።

ስለዚህ ልንገርህ። ካረንቱ በኬብሉ ሆድ ውስጥ ወጥቶ አንቴናው ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደ አንቴናው ሁለት ሽቦዎች አይገባልህም። መንገዱን ካልዘጋህበት ከፊሉ በኬብሉ ቆዳ ላይ ተመልሶ ወደ ቤት ይወርዳል። ያኔ ኬብልህ ራሱ አንቴና ሆኖ እማዬ ራስጌ ላይ ይነግሣል። ማሰራጫው ብረቱ ሁሉ ካረንት ይዞ ከንፈርህን ይቆነጥጥሃል፣ ግድግዳው ላይ ያገኘው አሮጌ ስፒከር ሁሉ ባንተ ድምፅ ያወራል። የአባባ ማሰራጫ ደግሞ የድሮ ዓይነት ስለሆነ እንደ ዘመኑ ሬዲዮ ተንጫጭቶ ሳይሆን ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። የምታየው ሜትር ይህን አይነግርህም። እሱ የሚለካው ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው፣ ስለ ቆዳው የሚያውቀው ነገር የለም።

አባባ ከአንቴናው ሥር ኬብሉን በትልቅ ጣሳ ዙሪያ ጠቅልሎ ያስረው ነበር፣ ያ ነገር እንዳይመለስ። አንተ ጠቅልለሃል? አዎ ወይም የለም በለኝ፤ ሐተታ አልፈልግም።

እናቴ ታማ ከምትገኝ ያንተ ኬብል ቢበላሽ ይሻለኛል። አንተስ የትኛው ይሻልሃል? እሱን አስበህ መልስልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልህ ትንሽ ወረቀት ላይ ያለውን ጥያቄ ግን ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

እኅትህ


የካቲት 1

እትዬ፣

መከበሩ ካልተስማማሽ ይቅር፣ አንቺ እልሻለሁ።

አልጠቀለልኩም። አያስፈልግምም። አባባ ይጠቀልል የነበረው ኬብሉ ርካሽ ስለነበረ ነው፤ የኔ ኬብል እንደዚያ አይደለም። ደግሞ እንደ ልጅ ቁጭ አድርገሽ ያስተማርሽኝን ነገር የማላውቀው መስሎሽ ነው? ተናድጄም ቢሆን ፈትሼዋለሁ። ሦስት ምሽት፣ ከሽማግሌው ጋር አውርቼ እንደጨረስኩ ወርጄ «እማዬ፣ ከቴፑ ድምፅ ሰማሽ ወይ?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን «ቴፑ ተበላሽቷል እኮ ልጄ» ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። በቃሽ?

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ደስ እያለሽ ነው የምታነቢው። ሐኪሙ ትናንት መጣ። ቀኑን ጠየቃት፣ ነገረችው። የልጆችሽን ዕድሜ ንገሪኝ አላት፣ ነገረችው፣ ያንቺን ሁለት ዓመት ቀንሳ። ከመቶ ወደ ኋላ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር አዘዛት፣ እሱ ሲሳሳት አረመችው። ልቤ ሞቅ ብሎት በር ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ «ብቻዎን ሲሆኑ ድምፅ ይሰማዎታል?» አላት። «ብቻዬን አይደለሁም» አለች። «ልጄ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራኛል።» ሐኪሙ ዞር ብሎ አየኝ። ምን ልበል? እውነቱን ነገርኩት። «አላወራትም» አልኩ። ጻፈ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች።

ለኔ «ምንም አልሰማም» ትላለች፣ ለሐኪም «ያወራኛል» ትላለች። ይህ ሕመም ካልሆነ ምን ይባላል? ወረቀቱ በፖስታ ይደርስሻል።

የትንሹ ወረቀት መልስ፦ የለም። የቤታችንን ጉዳይ በሬዲዮ ለማንም አውርቼ አላውቅም። አንቺንም እሷንም አንስቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው አድርገሽ ካሰብሽኝ ምን ቀረ!

በተረፈ እንዳልሽው ነይ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኔ መሄዷን ልነግራት ቀን ስመርጥ እሷ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን አናት አስወርዳ፣ ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳ አገኘኋት። «የካቲት 28 አይደል?» አለችኝ። ምላስሽን መያዝ አቅቶሽ ነግረሻታል። እናት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራታል?

ፉጨት


የካቲት 9

ሰላምታ የለኝም።

እኔ አልነገርኳትም። የነገርካት አንተ ነህ።

እሑድ ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ አንተ ፎቅህ ላይ እያለህ፣ ደወልኩላት። አነሳችና «ቆይ ልጄ፣ ወንድምሽ እያወራ ነው፣ ሲጨርስ ደውዪ» አለችኝ። «ስልኩን ወደ ቴፑ አስጠጊው» አልኳት። እንቢ አለች። ለመንኳት። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ለሷ ስል አለቀስኩ። አስጠጋችው።

ድምፅህን አውቀዋለሁ። እዚህ አጠገቤ ካለው ሾፌር የበለጠ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። እንዲህ አልክ፦ «እኅቴ ልትወስዳት ነው። እውነቱን ልንገርህ ሽማግሌው፣ ትውሰዳት። ሸክም ሆናብኛለች። ማታ ቁልፉን በሩ ውስጥ ስከተው ደረቴ ይጨንቀኛል። የሄደች ዕለት እፎይ እላለሁ።» ከዚያ ፀጥ አለ። ሽማግሌው እየመለሰልህ ነበር መሰለኝ፣ የሱ ድምፅ በኬብልህ ቆዳ አይመጣም። እማዬ በዚያ ፀጥታ ውስጥ ምን አለች መሰለህ? «እውነትህን ነው ልጄ» አለችህ። ቀስ ብላ፣ ለቴፑ። ሴትዮዋ በመስኮት ያየችው ይህንን ነው። አንተ ባዶ በምትተወው ቦታ ሁሉ እማዬ ትመልስልሃለች። ከኅዳር ጀምሮ።

ስልኩን መልሳ ስትይዘው «ለምን አልሰማም አልሽው?» ብዬ ጮህኩባት። «ይዘጋዋላ!» አለችኝ። «ሰማሁ ብለው ያፍራል። ካፈረ ያበጀዋል። ከዚያ እኔ ምን ይቀረኛል? ደህና እደሪ?»

ገባህ? እብድ ትባል እንጂ ድምፅህ እንዳይጠፋባት መርጣለች። ሸክም ስትላት እየሰማች። ሐኪሙ ፊት እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት፣ ያንን እውነት የካድካት ደግሞ አንተ ነህ። «አልተሳሳትኩም» ለማለት እናትህ ላይ በሽታ ለጠፍክባት። ኬብልህ ላይ ጉድለት አለ ከማለት እናቴ ጭንቅላት ላይ ጉድለት አለ ማለት ቀለለህ። ለኔም ዓይንህን በጨው ታጥበህ «አንስቼ አላውቅም» ብለህ ጻፍክልኝ።

ከአሁን በኋላ የምታደርገውን ልንገርህ። የማክሰኞው አውቶቡስ ሾፌር ፌራይት ከሚባል ማግኔት መሰል ነገር የተሠሩ ጥቁር ቀለበቶች ይዞልህ ይመጣል። ከአንቴናው ሥር ኬብሉን በነሱ ውስጥ ደጋግመህ አሾልከህ ጠምጥመው። የተረፉትን በእማዬ መስኮት ከመግባቱ በፊት እንደዚሁ አድርግ። ካረንቱ ቆዳው ላይ እንዳይሄድ የሚያንቀው እሱ ነው። ከተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ ውስጥ የምትለቅማቸው ቢጫ ቀለም የተቀቡ ቀለበቶች አይሆኑም፤ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ሌላ ነው። እልህ ይዞህ እንዳትሞክር። ከዚያ ሐኪሙን ጥራውና ያለ ቀለበትና ከቀለበት ጋር አስደምጠው። ወረቀቱን ይቅደድ።

እኅትህ


የካቲት 16

እትዬ፣

ቀለበቶቹ ደርሰዋል። አመሰግናለሁ አልልሽም፣ ከነስድቡ ነው የላክሽው።

አዎ፣ መጀመሪያ በቢጫዎቹ ሞከርኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ልብስ የምታጥበውን ሴትዮ ቴፑ አጠገብ አስቀምጬ ፎቅ ወጥቼ አወራሁ። ስወርድ «አዬ ጋሼ፣ አሁንም ውስጡ ነዎት» አለችኝ። ከዚያ ያንቺን ጠመጠምኩ። ማይኩ ላይ ከንፈሬን አስጠግቼ ሞከርኩት፣ አልቆነጠጠኝም። ኬብሉ ያው ኬብል ነው፣ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፣ ቤቱ ግን ጭር አለ።

ሐኪሙን ጠራሁት። ቀለበቶቹን ፈታሁና እሱን እማዬ አልጋ ላይ አስቀምጬ፣ ፎቅ ወጥቼ በሬዲዮ የመነጽር ቁጥር አነበብኩ። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ «ግራ ዓይን ሁለት ተኩል!» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ልጅ አብርቶ። ከዚያ ቀለበቶቹን መልሼ ደገምኩለት። ምንም። ወረቀቱን እፊቷ ቀደደውና «ከኔ የተሻለ ጭንቅላት አለዎት» አላት። እኔና እሱ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «አሁን ጠፋ ማለት ነው?» አለችው። «አዎ፣ ጠፋልዎት» አላት።

ስለዚህ አሸነፍሽ። ጤነኛ ናት። አልጋውን መልሺላቸው፣ መኪናውንም ተዪው።

ችግሩ ሻንጣው ነው። እዚያው በር ጋ ቆሟል። ሐኪሙ ሲሄድ «እንግዲህ አትሄጂም» አልኳት። «ታማ ሄደች ከምባል ጤነኛ ሆኜ ብሄድ አይሻልም?» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እራቷን ሳቀርብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች፣ እንደ ባዕድ ቤት። እግሯንም «ተወው፣ ደክሞሃል» ብላ ሰበሰበችብኝ።

ያንን ነገር የተናገርኩት የዕለቱ ድካም ይዞኝ ነው። አንቺ ደውለሽ ንገሪልኝ። «ሲናደድ ምን የማይለው አለ፣ ከልቡ አይደለም» በይልኝ። ያንቺን ቃል ትሰማለች። ይህን ያህል እንኳ ለኔ ብትይ ምን ይጎድልብሻል?

ፉጨት


የካቲት 21

ይድረስ ለፉጨት፣

አልነግርልህም።

ከአንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ በመካከላችሁ የምወጣ የምወርድ ገመድ አይደለሁም። ሸክም ለማለት አፍ ካለህ ለቀረውም አለህ።

ትናንት ደወለችልኝ። «ድምፁ ጠፋ፣ ታሞ ይሆን?» አለችኝ። «ደህና ነው፣ ፎቅ ላይ ነው» አልኳት። «ፎቅ ላይማ ነው» አለች። ቀይዋን መብራት አጥፍታታለች፣ «ምን ያደርግልኛል» ብላ። ስንት ዓመት ሲበራ የኖረ ነገር! ይህን ስሰማ እዚያ መጥቼ በጥፊ ባልኩህ ነበር፣ ደግነቱ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር።

ስለኔም በሬዲዮ ያወራኸውን ሁሉ አስወጥቻታለሁ። ነገረኛ፣ ጨቅጫቃ፣ እናቷን ትታ የሄደች፣ እሺ፣ ከዚህ የበለጠ አልጠበቅኩም። ግን አንዱን እሷ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «አባባ ማሰራጫውን ለእኅቴ ነበር መተው የነበረበት፣ ጆሮው ያላት እሷ ናት» ብለሃል። ይህን ባሕር ማዶ ላለ ሰው ነገርከው። እኔ ለሃያ ዓመት የጠበቅኩትን ነገር ጉድጓዱ ለደረቀ ሰውዬ ነገርከው። ምን ዓይነት ሰው ነህ? ደስ ያሰኘኝ እንዳይመስልህ፣ ከስድቦቹ ሁሉ የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው።

አልጋውን አልመለስኩም። መኪናውን ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። የምመጣው ሐኪም ስላለ ሳይሆን እሷ እሄዳለሁ ስላለች ነው፤ በማትፈለግበት ቤት እናቴን አላስቀምጥም። የካቲት 28 ጠዋት በር ላይ እቆማለሁ። የምትላት ነገር ካለ ከዚያ በፊት በላት።

እኅትህ


የካቲት 26

እትዬ፣

በፖስታ ስለማይደርስልሽ በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። ፖስታውን እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ፣ ሾፌሮችሽን እንደሆነ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

ይህን የምጽፍልሽ እንድትደሰቺ አይደለም። አሁንም ነገረኛ ነሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ሦስት ጊዜ ወደ ክፍሏ ገባሁ። አንዴ ውሃ ይዤ፣ አንዴ ካልሲ ይዤ፣ ሦስተኛውን ምን ይዤ እንደገባሁ አላስታውስም። ሁሉንም ጊዜ አፌን ከፍቼ «ምን ይምጣልሽ?» ብዬ ወጣሁ። ከሷ ጋር ማውራት አልለመደብኝም። ማይክ ስይዝ ሌላ ሰው ነኝ፣ ያለ ማይክ ምላሴ ይተሳሰራል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለሽማግሌውም ጭምር።

በማግስቱ መነጽር ቤት አልሄድኩም። ማሰራጫውን ከነጠረጴዛው ከፎቅ አወረድኩት። ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። እማዬ «ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» እያለች እግሯን ሰበሰበች። የአባባን ቴፕ ወደዚያ ገፋ አድርጌ ራስጌዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ኬብሉ እንደሆነ በመስኮቷ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ላይ ቆርጬ አሳጠርኩት። ያ ሁሉ ያማረ የግድግዳ ሥራ ሜዳ ላይ ቀረ። ቀለበቶችሽን አልነካኋቸውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የጆሮ ማዳመጫውን ነቀልኩት፣ ሽማግሌውም እንዲሰማት። ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። ፊቷን እያየሁ አልችልም ነበር። ሽማግሌው እንደ ልማዱ «እናትህስ፣ ደህና ናቸው?» አለኝ። እንዲህ አልኩት፦ «እናቴ ከጀርባዬ ተቀምጣለች። ያን ዕለት ሸክም ናት ያልኩህን ሰምታዋለች። ደክሞኛል ያልኩት እውነት ነው። እፎይ እላለሁ ያልኩት ግን ውሸት ነው። ትናንት ሻንጣዋን አይቼ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። እንዳትሄድብኝ እፈልጋለሁ፣ ግን እንዴት እንደሚባል አላውቅም።» አንቺ ብትሰሚው ዓመት ሙሉ ታፌዢብኝ ነበር።

ሽማግሌው መልስ ሊጀምር ሲል ከኋላዬ እጅ መጣ። «አምጣው» አለችኝ። ማይኩን ተቀበለችኝ፣ አዝራሩን የት እንደሚጫኑት ጠየቀችኝ፣ አፏ ላይ ለጥፋው «እንደምን አመሹ? ሸክሟ እኔ ነኝ» አለችው። «ጉድጓዱስ እንዴት ሆነ?»

ሽማግሌው መስመሩ የጠፋበት መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀ ነው። ከዚያ እኔን ረስተው ስለ ጉድጓዱ አወሩ። እሷ ያላወቀችው ነገር የለም፣ ከኅዳር ጀምሮ የኔን ግማሽ ሰምታ የሱን ግማሽ በራሷ ስትሞላ የኖረች ናት። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው የተሳሳተችው። ከንፈሯን ስጠብቅ ነበር፣ ማይኩ አልቆነጠጣትም።

እግሯን ዛሬ አሽቻታለሁ፣ አልሰበሰበችብኝም።

የሻንጣውን ነገር ስጠይቃት «ለልጄ እኔ እጽፍላታለሁ፣ ወረቀቱን ወዲህ በል» አለችኝ። የምትጽፈውን አላየሁም፣ አጥፋ ነው የምትሰጠኝ። ስለዚህ መልሱን የምታውቂው ከኔ ቀድመሽ ነው። እንደ ልማድሽ።

ፉጨት


ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ክፍሌን በሽቦ ሞልቶት መራመጃ አጥቻለሁ። ድምፁም ከቅርብ ሲሰማ ያደነቁራል፣ በቴፑ ይሻል ነበር። ሽማግሌው ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ ብሎኛል።

ከወንድምሽ ጋር እንዳትጣዪ አልልሽም፣ የማይሆን ነገር ነው። መምጣቱን ነይ፣ ናፍቀሽኛል። መኪናውን ግን መልሺው። አንቺ እግርሽ ጤነኛ ነው፣ በአውቶቡስ ነይ።

እናትሽ